ለአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና የተኛ ታካሚ፦ ነባር ሕመሞችን የማጣራትና የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ለብዙ ጥርስ ነቀላ ወይም ለመንጋጋ ስብራት የተኛ ሰው ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደርሶ የሚመለሰው በአብዛኛው በአፉ ምክንያት አይደለም። ወይ ግፊቱ 190 ገብቷል፣ ወይ ስኳሩ 340 ሆኗል፣ ወይ ሰመመን ሰጪው «ይህን መድኃኒት ማን አቋረጠው?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚሰጥ ጠፍቷል። ሌሊት ከአፉ ደም አልቆም የሚለውም ታካሚ እንደዚሁ ነው፤ ስህተቱ የተሠራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ካርዱ ሲሞላ ነው።

መመሪያው ታካሚውን ተቀብለው ለሚያዘጋጁ ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ነርሶች ነው። መጠኖቹ ለአዋቂ ናቸው። ተቋምዎ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው እሱ ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ታሪኩን በትክክለኛው ጥያቄ ያውጡ

«ሌላ ሕመም አለብዎት?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። ክኒን እየዋጠ ግፊቱ የተስተካከለለት ሰው «የለብኝም» ይላል። አልዋሸም፤ በቤቱ ድኗል። በምትኩ እነዚህን በቅደም ተከተል ይጠይቁ፦

1. በየቀኑ የሚውጡት፣ የሚወጉት፣ በአፍ ወደ ውስጥ የሚስቡት ነገር ምን አለ?
2. በወር፣ በ6 ወር ወይም በዓመት አንዴ የሚወጉት መርፌስ? ይህ ጥያቄ ካልተነሳ የአጥንት መሳሳት መርፌና ለልብ ሕመም በየወሩ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይነገርዎትም፤ ታካሚው ዛሬ ስላልተወጋ መድኃኒት ላይ ያለ አይመስለውም።
3. በቅርብ ወራት ያቋረጡት መድኃኒት አለ? በተለይ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ)።
4. ጥርስ ሲነቀሉ፣ ሲወልዱ ወይም ሲቆስሉ ደም አልቆም ብሎ ተመልሰው ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ? ከቤተሰብስ እንዲህ የሆነ አለ?
5. እርስዎ ወይም የሥጋ ዘመድዎ ሙሉ ሰመመን ወስዶ ችግር ገጥሞት ያውቃል?
6. ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ? ምን ያስቆምዎታል፣ ትንፋሽ፣ ደረት ወይስ ጉልበት?
7. በስንት ትራስ ይተኛሉ? በጀርባ ጠፍጣፋ መተኛት የማይችል ሰው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይም አይችልም።
8. የማይስማማዎት መድኃኒት ምን አደረገብዎት? «ሆዴን አስቀመጠኝ» አለርጂ አይደለም። «ከንፈሬ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» ግን በካርዱ ፊት በቀይ ይጻፋል።
9. ለሴቶች፣ የመጨረሻው የወር አበባ መቼ ነበር?

ከዚያ አስታማሚውን የመድኃኒቱን ፌስታል በሙሉ እንዲያመጣ ይላኩት። ሲመጣ አልጋው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው አንድ በአንድ ያንብቡ፤ በወረቀት ተጽፎ የመጣ ዝርዝር ይህን አይተካም። የተሰጠበትን ቀን ከቀረው ክኒን ጋር ያስተያዩ። ለወር የተሰጠ 30 ክኒን ከወር በኋላ 22 ከቀረ ታካሚው መድኃኒቱን አይወስድም ማለት ነው። ይህን ካላወቁ ዋርድ ውስጥ ሙሉውን መጠን በሰዓቱ ይሰጡታል፤ በማግስቱ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። በኢንሱሊን ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው።

ታካሚው ራሱን ከሳተ ወይም መድኃኒቱን ካላወቀ፦ አስታማሚውን ስለ መድኃኒቱ ስም ሳይሆን ስለ ክትትሉ ይጠይቁት። «የትኛው ክሊኒክ ነው የሚመላለሰው? በየስንት ጊዜው ደም ይሰጣል?» በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየሰጠ መጠኑ የሚቀየርለት ሰው ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) ላይ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ይለኩ

ግፊትን ታካሚው 5 ደቂቃ ካረፈ በኋላ፣ ለክንዱ ልክ በሆነ ካፍ ይለኩ። የተሰበረ መንጋጋ ያማል፤ ሕመም ደግሞ ግፊት ያወጣል። ከፍ ካለ መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ይስጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት። አሁንም 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ይተላለፍ። ኒፈዲፒን ምላስ ሥር አድርጎ ግፊቱን በጥድፊያ አውርዶ ማስገባት አደገኛ አቋራጭ ነው፤ ድንገት የወረደ ግፊት ለአንጎልና ለልብ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል።

የላቦራቶሪ ምርመራን ለሁሉም በጅምላ ሳይሆን በሕመሙ ይዘዙ፦

- ስኳር፦ የጣት ስኳር፣ ኤችቢኤዋንሲ (ያለፉት 3 ወራት አማካይ ስኳር)፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)
- ዋርፋሪን፦ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር)፣ ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ 24 ሰዓት ሲቀረው
- ጉበት፦ አይኤንአርና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት)፤ ከ50,000 በታች ከሆነ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ሳይመክሩ ጥርስ አይነቀልም
- ኩላሊት፦ ፖታሲየም፣ ክሬያቲኒን፣ ሄሞግሎቢን
- ልብ፦ ኢሲጂ፤ አዲስ የልብ ድምፅ ወይም የእግር እብጠት ካለ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የአፍ መከፈት። የታካሚው ሦስት ጣቶች ተደራርበው በፊት ጥርሶቹ መካከል መግባት አለባቸው። ከሁለት በታች ከሆነ፣ የምላሱ ወለል ካበጠ ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው ለሰመመን ሰጪው በዚያው ሰዓት ይደውሉ። ስኳር ያለበት ሰው የጥርስ መግል ወደ አንገት ሲወርድበት ጊዜ አይሰጥም።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን መድኃኒት ወስነው ይጻፉ

በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ «ይቀጥል»፣ «ይቁም»፣ «ይለወጥ»። ለሚቆም መድኃኒት ሁሉ የሚጀመርበትን ቀን እዚያው ይጻፉ። መቼ እንደሚጀመር ያልተጻፈለት መድኃኒት ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣም ቆሞ ይቀራል።

ደም ማቅጠኛዎች

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው፣ ያውም በሁለቱም አቅጣጫ። ከተነቀለ ጥርስ ሥር የሚፈስ ደም በእጅዎ የሚደርሱበት ነው፤ ይጫኑታል፣ ይሰፉታል። ደም ማቅጠኛው ቆሞ በልብ ቫልቭ ላይ የተሠራን የደም ጓል ግን አይደርሱበትም።

አስፒሪን ብቻውን ከሆነ አይቁም። ልቡ ውስጥ ስቴንት (የደም ሥሩን የሚከፍት ትንሽ ቱቦ) ገብቶለት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ የሚወስድን ሰው አንዱንም ቢሆን ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ አያስቁሙ። ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል።

ዋርፋሪን፦ ከ1 እስከ 3 ጥርስ ለመንቀልና ለመሳሰለው አነስተኛ ሥራ አይኤንአሩ 3.5 ወይም በታች ከሆነ ሳያቆሙ ይሥሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ መጠኑን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር አስተካክለው ምርመራውን ይድገሙ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለበት ሰው ለጥርስ ሲባል ቫይታሚን ኬ በብዛት አይወጋም፤ ከዚያ በኋላ ዋርፋሪኑ ለቀናት አልሠራ ይላል። ለትልቅ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ዋርፋሪን በተለምዶ 5 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ በመካከሉ ሄፓሪን (አጭር ጊዜ የሚሠራ የደም ማቅጠኛ መርፌ) ያስፈልግ አያስፈልግ የሚወስነው ግን ዋርፋሪኑን ያዘዘው ሐኪም ነው።

አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች፦ ለአንድ ሁለት ቀላል ነቀላ ይቀጥላሉ። ደም ሊበዛበት ለሚችል ነቀላ አፒክሳባን ወይም ዳቢጋትራን የሚወስድ ሰው የጠዋቱን ይዝለል፣ የማታውን በሰዓቱ ይውሰድ። ሪቫሮክሳባንን ጠዋት የሚወስድ ደሙ ከቆመ ቢያንስ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይውሰድ። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው 2 ቀን ይቆማሉ፤ ኩላሊቱ የደከመ ዳቢጋትራን ወሳጅ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። አይኤንአር እነዚህን አይለካም፤ «1.1 ነው» ብለው እንዳይዘናጉ።

ሄሞፊሊያ ካለ ደሙን የሚያረጋው ፋክተር አስቀድሞ ሳይሰጥ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ማደንዘዣ አይወጋ። መርፌው ጥልቅ ቦታ ስለሚገባ እዚያ የሚጠራቀመው ደም የአየር መንገድን ሊዘጋ ይችላል።

ስኳር

የስኳር ታካሚን የቀኑ የመጀመሪያ ታካሚ ያድርጉት። አራተኛ ሆኖ ሲጠብቅ ውሎ ስኳሩ ሲወርድ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

- ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድን በቀዶ ሕክምናው ቀን ይዝለሉ።
- ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን 3 ቀን ቀድመው ይቁሙ። ይህ ካልተደረገና ታካሚው ካቅለሸለሸው ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ በደም የሚጠራቀም አሲድ) ይለኩ። በእነዚህ መድኃኒቶች ስኳሩ 180 ሆኖም ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ግሉኮሜትሩ አይነግርዎትም።
- እንደ ግላርጂን ያለ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን በዋዜማው ከተለመደው ከ75 እስከ 80 በመቶ ይሰጥ።
- የጠዋት ኤንፒኤች (መካከለኛ ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን) ግማሹ ይሰጥ።
- ከምግብ ጋር የሚሰጠው አጭር ኢንሱሊን ታካሚው እየጾመ አይሰጥም።
- ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው፣ ምንም ባይበላ፣ መሠረታዊው ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቆምበትም።

በጾሙ ሰዓታት በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ ይለኩ። የሚፈለገው ከ100 እስከ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከ70 በታች ከወረደ 50 በመቶ ግሉኮስ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ ወይም 10 በመቶ ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይስጡና በ15ኛው ደቂቃ ድጋሚ ይለኩ። 50 በመቶው ወፍራም ስለሆነ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል፤ ካኑላው መሥራቱን በመጀመሪያ ያረጋግጡ። ከ250 በላይ ከሆነ ኪቶን ይመርመሩ፣ ጊዜ የሚሰጠውን ቀዶ ሕክምና ያስተላልፉ።

መግል ላይ ግን ይህ ሕግ ይገለበጣል። ስኳሩን ያወጣው መግሉ ራሱ ነውና «ስኳሩ እስኪወርድ» ብሎ መጠበቅ አይሆንም። ኢንሱሊንና ፈሳሽ ጀምረው መግሉን ያስወጡ።

ስቴሮይድ

ፕሬድኒሶሎን በቀን 5 ሚሊ ግራም ወይም በላይ ለ4 ሳምንትና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው የአድሬናል ዕጢው (የሰውነትን ስቴሮይድ የሚያመርተው) ሊተኛ ይችላል። በማደንዘዣ ብቻ ለሚሠራ ቀላል ነቀላ የተለመደው የጠዋት መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ዋናው እንዳይዘል ነው። ሙሉ ሰመመን ሲሆን ሰመመኑ ሲጀመር ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ ለ24 ሰዓት 200 ሚሊ ግራም በዝግታ ይሰጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግፊቱ ወርዶ በፈሳሽ አልነሳ ያለ ታካሚ ካለዎት ይህን አንቀጽ ያስታውሱ።

የአጥንት መድኃኒቶችና ጨረር

ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ የሚወጋ ሰው ጥርሱ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንቱ ላይድን ይችላል፤ ለካንሰር በሚሰጠው ከፍተኛ መጠን አደጋው ይብሳል። ጥርሱን በሥር ሕክምና ማትረፍ ከተቻለ አይንቀሉ። ዴኖሱማብን በራስዎ አያስቁሙ፤ ሲዘገይ የአከርካሪ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። በየ6 ወሩ የሚወጋ ከሆነ ነቀላውን ካለፈው መርፌ ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ ላይ ያውሉት። መንጋጋው ላይ ጨረር ሊወስድ ለተቀጠረ ደግሞ መነቀል ያለበት ሁሉ ጨረሩ ሊጀመር ቢያንስ 2 ሳምንት ሲቀረው ይነቀል።

በአጭሩ የሚታለፉ፣ ግን የማይዘለሉ

- ቤታ ብሎከር፦ በጠዋቱም ይወሰድ። ድንገት ሲቆም ልብ ይፈጥናል።
- ኢናላፕሪልና መሰሎቹ፦ ለሙሉ ሰመመን ብዙ ቦታ በቀኑ ይዘለላሉ፤ ሰመመን ሰጪውን ይጠይቁ።
- የሚጥል በሽታ፦ ክኒኑ በጾም ጠዋትም በትንሽ ውኃ ይዋጥ። ትራማዶል አይታዘዝ።
- አስም፦ በአፍ የሚስበው መድኃኒት (ኢንሄለሩ) አብሮት ኦፕራሲዮን ክፍል ይግባ። አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን አስሙን አስነስቶበት ካወቀ ዲክሎፌናክም አይሆነውም።
- የኩላሊት እጥበት፦ በእጥበቱ ማግስት ይሠራ። ፊስቱላ (ለእጥበት የተዘጋጀ የደም ሥር) ባለበት ክንድ ግፊት አይለካ፣ ካኑላ አይገባ፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ይጻፉበት።
- ኤችአይቪ፦ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለበት ሚዳዞላም (ማስተኛ መድኃኒት) ስለሚበረታ ለሰመመን ሰጪው ይነገር።
- እርግዝና፦ ከ20 ሳምንት በኋላ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሰጥም። ስትተኛ ወደ ግራ ዘንበል ትበል።

ደረጃ 4፦ የልብ ቫልቭን የሚጠብቅ አንቲባዮቲክ

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ ቀድሞ የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዘው እና ለተወሰኑ የተፈጥሮ የልብ ክፍተቶች ይሰጣል። የሩማቲክ የልብ ሕመምን በተመለከተ የአገራት መመሪያዎች ይለያያሉ፤ የሚሠሩበትን ያንብቡ።

አሞክሲሲሊን 2 ግራም በአፍ፣ ድዱ ሊነካ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀር፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ፔኒሲሊን አለርጂ ከሆነ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም። ክሊንዳማይሲን ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ የልብ ማኅበር ምክር ለዚህ አገልግሎት ቀርቷል። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል ከሌላ የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ ይምረጡለት።

ዋርድ ላይ በጠዋት ተሰጥቶ ታካሚው አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠራ ጊዜው አልፏል። ትዕዛዙን «ኦፕራሲዮን ክፍል ሲጠራ» ብለው ይጻፉ። ሳይሰጥ ከተረሳ ሥራው ካለቀ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ መስጠት ይቻላል።

ደረጃ 5፦ የጾምና የማደንዘዣ ልክ

ከጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት። «ከማታ ጀምሮ ምንም» የሚለው ልማድ አዛውንቱን ያደርቃል፣ ክኒኑንም ያስዘልላል። የጠዋት ክኒን በትንሽ ውኃ መዋጥ ጾም አያስፈርስም።

የልብ ሕመም ላለበት ሰው በአንድ ቀጠሮ ከማደንዘዣ ጋር የሚገባው አድሬናሊን 0.04 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ። 1፡100,000 አድሬናሊን ባለው 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ ሲቆጠር ሁለት መሆኑ ነው። ከመግፋትዎ በፊት ሲሪንጁን ስበው ደም አለመምጣቱን ይዩ። የታይሮይድ ሕመሙ ካልተስተካከለ አድሬናሊን ያለበትን አይጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ሌሊት

ደም ካልቆመ

1. ታካሚውን ቀና አድርገው ያስቀምጡ፤ የሚውጠውን ደም እንዲተፋ ያድርጉ።
2. መብራትና መምጠጫ ይያዙ። ጥርሱ የነበረበትን ጉድጓድ የሸፈነውን ለስላሳ፣ ጉበት የመሰለ የደም ጓል ጠርገው ያውጡ። እሱ ላይ ጋውዝ መደራረብ ምንም አይፈይድም፤ ደሙ ከሥሩ እየፈሰሰ ይቀጥላል።
3. የታጠፈ እርጥብ ጋውዝ ጉድጓዱ ላይ አድርገው ለ20 ደቂቃ በሰዓት ያስነክሱ። በየደቂቃው እያነሱ አይመልከቱ።
4. ግፊት ይለኩ። 190 ላይ ሆኖ የሚቆም ደም የለም።
5. ካልቆመ አደንዝዘው ይስፉ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ያስነከሩት ጋውዝ ያስነክሱ። በኋላ 5 በመቶው መጉመጥመጫ 10 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ አፍ ውስጥ ይያዝ።

የምላሱ ወለል እያበጠ ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መተኛት እምቢ ካለ ጉዳዩ የደም መፍሰስ መሆኑ ቀርቶ የአየር መንገድ ጉዳይ ሆኗል። ጋውዙን ትተው ሰመመን ሰጪ ይጥሩ።

መንጋጋው በሽቦ ከታሰረ

የሽቦ መቁረጫ ትራሱ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይደር፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ መቁረጫ እንደሌለ ይቆጠራል። የትኞቹ ሽቦዎች እንደሚቆረጡ በሥዕል አሳይተው አልጋው ራስ ላይ ይለጥፉ፣ የሌሊቱን ነርስም ያሳዩ። ታካሚው ቢያስመልስ ወደ ፊት አጎንብሰው ይምጠጡ፤ ካልጠራና መተንፈስ ካቃተው ይቁረጡ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው መንጋጋ ከማሰር በፊት በብሎን ብቻ መጠገን ይቻል እንደሆነ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

አሁን ደግሞ ክኒኖቹ አሉ። አፉ የታሰረ ሰው የግፊትና የሚጥል በሽታ ክኒኑን እንዴት ይዋጥ? ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጨርሱት። የሚጠጣ ዓይነት ካለ ይቀይሩ፣ ከሌለ የሚፈጨውን ፈጭተው በሲሪንጅ በጉንጭ በኩል ይስጡ። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ክኒን ግን አይፈጭም፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይገባበታል።

ስኳር ያለበት ሰው በሲሪንጅና በስትሮ የሚወስደው ምግብ ከተለመደው ያነሰ ነው። የቀድሞውን የኢንሱሊን መጠን ወዲያው አይመልሱ፤ የበላውን አይተው ያስሉ።

ማስታገሻ

ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው ይሆናል፤ ጉበቱ ለተጎዳ በቀን ከ2 ግራም አይለፍ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ኩላሊቱ ለደከመ፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድና ልቡ ለደከመ አይዘዙ። ዋርፋሪን ላይ ላለ ሰው ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘ አይኤንአሩ ስለሚወጣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይለኩ። ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄልም ይህንኑ ያደርጋል፤ ቅባት ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም።

ደረጃ 7፦ ሲወጣ

የሦስት ዓምዱን ገጽ ያውጡና «ይቁም» የሚለውን እያንዳንዱን መስመር ከታካሚው ጋር ይዝጉ፦ ይህ ዛሬ ማታ ይጀመራል፣ ይህ በደንብ መብላት ሲጀምሩ፣ ይህ ከልብ ሐኪምዎ ቀጠሮ በኋላ። አስታማሚው በራሱ አፍ ደግሞ እንዲነግርዎ ያድርጉ። የአጥንት መርፌ የሚወስድ ታካሚ በ8ኛው ሳምንት ተመልሶ ይታይ፤ ድዱ ሳይገጥም አጥንት ከታየ ፈቅፍቀው ለማጽዳት አይሞክሩ፣ ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይላኩት።